በማን ጨለማ ነው ኮከብ የምናየው?

ሚዛን ላይ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰማው የወፍጮው ዝምታ ነው። ቀጥሎ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ "ውይ!" ይላሉ፤ አንድ ሁለት ጄኔሬተር ይነሳል፤ ሻማና ክብሪት ፍለጋ ይጀመራል። እኔ በዚያ ሰዓት ላፕቶፔን ዘግቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ባትሪው ገና ሁለት ሰዓት ያሠራኛል፤ ሥራዬም አላለቀ ይሆናል። የምወጣው ሰማዩ ስለተከፈተ ነው።

በግልጽ ልናገረው፦ መብራት ሲሄድ ደስ ይለኛል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ፋይል እየላክሁ ኢንተርኔቱ አብሮ ከሄደ እንደ ማንም ሰው እበሳጫለሁ። ግን ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይለቀን ዝናብ ትንሽ ፋታ ሲሰጠን፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከተማው በሙሉ ድርግም ብሎ ፍኖተ ሐሊብ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ሲዘረጋ፣ ደስ አይበለኝ ብዬ ራሴን መከልከል አልችልም።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከከተማው ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ምሽት በስልኬ ያነሳሁትን የኦሪዮን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁላትና "መብራት ጠፍቶ እኮ ነው እንዲህ ያማረው" አልኳት። መልሷ ከሰዓታት በኋላ መጣ፦ "እኛም ጋ ጠፍቷል። አንተ ኮከብ ስትቆጥር እኔ በስልክ ባትሪ እትብት ቆርጫለሁ።" መጨረሻው ላይ የሳቅ ምልክት አድርጋበታለች።

እሷ በሳቅ አለፈችው። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ፦ አንዱ የሚቸገርበት ጨለማ ለሌላው መደሰቻ ሲሆን ልክ ነው ወይ? ፍልስፍና የተማርኩ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። ቴሌግራም ላይ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ነው እዚህ የማወራው።

መጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ ደስታው ልናገር፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ልክ ነው አይደለም ማለት ስለማይቻል።

ቴሌስኮፔ ትልቅ አይደለም። መስታወቱ 130 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ በልብስ መሀል ጠቅልሎ አመጣልኝ። እዚህ አገር ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው። ጤዛው መስታወቱን ያለብሰዋል፤ ችላ ከተባለ ደግሞ ሻጋታ ይበላዋል። ስለዚህ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች እሰበስባለሁ፤ የሰፈሩ ልጆችም ያጠራቅሙልኛል። አሁን አንድ ጣሳ ሙሉ አለኝ።

ከበይነመረብ የምታወርዷቸው የጀማሪ መመሪያዎች ሁሉ "መጀመሪያ ሰሜን ኮከብን ፈልግ" ይላሉ። የጻፏቸው ሰዎች የሚኖሩት አውሮፓና አሜሪካ ነው። ሚዛን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የምትለው ያችኑ 7 ዲግሪ ነው፤ እጅን ዘርግቶ አራት ጣት ያህል ማለት ነው። እሷንም ኮረብታውና የጎረቤት ዋንዛ ይከልሏታል። በምትኩ ብዙዎቹ በዕድሜ ልካቸው ከቤታቸው ሆነው የማያዩትን እናያለን። ጥር ላይ ወደ ደቡብ ስትዞሩ ካኖፐስ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ከሥሯ ዝቅ ብሎ ትልቁ የማጅላን ደመና እንደ ተቀደደ ጥጥ ይታያል፤ እሱ ራሱን የቻለ ትንሽ ጋላክሲ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ የደቡብ መስቀል ይወጣል። በዚህ በኩል ሰማይ አላዳላብንም።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሼ (ስማቸውን ልተወው፣ አይወዱም) ሳተርንን እንዲያዩ ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ። "ይቺ ውስጥ የተለጠፈች ሥዕል ናት" አሉኝ። ከዚያ ማንም ሳያስተምራቸው አንድ ነገር አደረጉ፦ ዓይናቸውን ሳያነሱ እጃቸውን ዘርግተው የቱቦውን አፍ ሸፈኑት። ሳተርን ጠፋች። እጃቸውን አነሱ፤ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። "እሺ፣ እዚያ ናት" ብለው ዝም አሉ።

ስለዚያች የእጅ ሙከራ ብዙ አስቤያለሁ፤ ምክንያቱም በስልኬ ላይ ከማያቸው የጠፈር ፎቶዎች ጋር ያለውን ልዩነት ከማንም በተሻለ አሳይታኛለች።

ፎቶዎቹን እንደ ማንኛችሁም እወዳቸዋለሁ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ተወንጭፎ ሐምሌ 5 የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቹ ሲለቀቁ እዚህ ክረምቱ ጣሪያ እየደበደበ ነበር። ያን የካሪና ኔቡላ ገደል የመሰለ ፎቶ ሙሉ መጠኑን ለማውረድ የኛ ኢንተርኔት ግማሽ ሌሊት ፈጀ። እናቴ ማለዳ ላይ አየችውና "ይሄ እውነት ነው ወይስ ኮምፒውተር የሠራው?" አለች። ዛሬ ዛሬ የሌለ ሰው ፊት ሳይቀር በማሽን ስለሚፈበረክ ጥያቄዋ ተገቢ ነው።

መልሱ ግን አጭር አይደለም። ዌብ የሚያየው በአብዛኛው የእኛ ዓይን የማያየውን የታኅታይ ቀይ ብርሃን ነው። ከመሣሪያው የሚመጣው ቀለም አይደለም፤ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዷ ፒክስል ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደወደቀ የሚናገር ቁጥር፣ በየማጣሪያው ተለይቶ። ከዚያ ሰዎች ተቀምጠው ረጅሙን የሞገድ ርዝመት ቀይ፣ አጭሩን ሰማያዊ እያደረጉ ይመድባሉ። ሀብል እ.ኤ.አ. በ1995 ያነሳው ዝነኛው "የፍጥረት ምሰሶዎች" ፎቶም እንዲሁ ነው፦ ድኝ ቀይ፣ ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ ተደርገዋል። ሃይድሮጅኑ በዚያ ማጣሪያ ለዓይን ቢታይ ኖሮ ግን የሚታየው ቀይ ሆኖ ነው። ዳታው ለማንም ክፍት ስለሆነ እኔም ቤቴ ሆኜ ፓይተን ላይ ቀለሙን ቀያይሬ ሞክሬዋለሁ። ያንኑ ኔቡላ የቡና ቀለም ማድረግ ይቻላል። አያምርም።

ታዲያ ውሸት ነው? አይመስለኝም። ደብተራ ከፊደሉ በላይ የሚጽፈውን የዜማ ምልክት አስቡት። ምልክቱ ራሱ ድምፅ የለውም፤ ወረቀት ላይ ያለ ጭረት ነው። ግን በደንብ ለሚያውቀው ሰው ዜማውን ሳያዛባ ይመልስለታል። ፎቶውም እንደዚያ ነው፤ ሕጉን እስካወቃችሁ ድረስ ከቀለሙ ወደ ቁጥሩ፣ ከቁጥሩ ወደ ኮከቡ መመለስ ትችላላችሁ። የተፈበረከ ሥዕል ግን ወደ የትም አይመልሳችሁም። ለእናቴ "እውነት ነው፣ ግን ተተርጉሞ ነው" አልኳት። "ተርጓሚውን ታውቀዋለህ?" አለችኝ። እንዲህ ናት።

ሆኖም የጋሼን የእጅ ሙከራ በፎቶ ላይ ማድረግ አይቻልም። ፎቶው ፊት እጃችሁን ብትጋርዱ የምትጋርዱት የስልካችሁን ብርሃን ነው። ጓሮ ውስጥ ግን በእናንተና በነገሩ መካከል ያለው መንገድ አየር፣ መስታወትና ዓይን ብቻ ነው፤ በእጅ ይዘጋል፣ በእጅ ይከፈታል። አንድሮሜዳ ጋላክሲን በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ያለ ቴሌስኮፕም ማየት ይቻላል። (የግሪክ ተረት አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጋታል። የግሪኮች "ኢትዮጵያ" ከዛሬው ካርታችን ጋር ባይገጥምም ስሟን ለመውሰድ አናቅማማም።) እናቴ "የእጣን ጭስ ይመስላል" አለች፤ ልክ ናት፣ ከዚያ በላይ አይታይም። ግን ያ ጭስ የመሰለ ብርሃን ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። እንግዲህ ጎና ላይ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ በነበረበት ዘመን አካባቢ የተነሳ ብርሃን ነው ጉዞውን እናቴ ዓይን ውስጥ የጨረሰው። ሌላ ቦታ አልሄደም። እዚያ ቆመ።

ይሄ ነው እንግዲህ ደስታው። ችግሩ ደግሞ ከዚሁ ይጀምራል። የዌብ ፎቶ የማንንም ጨለማ አይፈልግም፤ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ያነሳዋል፣ እኔም ቦሌ ካፌ ቁጭ ብዬ ላየው እችላለሁ። ጓሮ የማየው ግን የሚገኘው በጨለማ ዋጋ ነው። ጨለማው ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም።

ጨለማ በዓለም ላይ እየተወደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የሰማይ ብክለት አትላስ እንደሚለው ከሰው ልጅ አንድ ሦስተኛው ካለበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1994 በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት መብራት በጠፋባት ንጋት፣ ሰዎች ወደ ግሪፊዝ ታዛቢ ጣቢያ እየደወሉ "ሰማዩ ምን ሆኖ ነው?" ብለው ጠይቀዋል ይባላል። ምንም አልሆነም ነበር። በዓለም ዙሪያ አማተሮች የሚቆጥሯቸውን ኮከቦች ሰብስቦ ያጠና ሌላ ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2022 ሰማዩ በየዓመቱ በአማካይ 9.6 በመቶ እየነጣ መምጣቱን አሳይቷል። ማለትም፣ ሲወለድ 250 ኮከብ የሚታይበት ሰፈር ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የሚያየው 100 ያህሉን ነው። ከዚህ ብክለት በጣም የተረፉት አገሮች እነማን መሰሏችሁ? ቻድ፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ማዳጋስካር። ዝርዝሩን ሳነብ ምን ሆኖ ነው ብዬ ለመጠየቅ ጊዜ አልፈጀብኝም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል መከላከያ አለ፦ "መብራቱን እኔ አላጠፋሁት፤ በጠፋ ጨለማ ብደሰት ማንን ጎዳሁ?" እህቴም በዚህ አትከራከርም። ከዚህ የተሻለውን ምሳሌ ያገኘሁት ለቅሶ ቤት ነው። ለዓመታት ያልተያዩ የአክስት ልጆች የሚገናኙት ለቅሶ ላይ አይደል? ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይወጣል፣ የድሮ ወሬ ይነሳል፣ አንዱ ሌላውን ያስቃል። ማንም ነውር አይለውም፤ እንዲያውም ሐዘንተኛውን የሚያበረታው እሱ ነው። ደስታው እውነተኛ ነው፣ ሟቹን ማንም አልገደለም። ግን "ዘመድ እንዲሰበሰብ ምናለ ሰው ቢሞት" የሚል ሰው ቢገኝ ከድንኳኑ ይባረራል። በመደሰትና በመመኘት መካከል ያለው ወሰን ለማንም ግልጽ ነው።

ስለዚህ ራሴን የምፈትነው እንዲህ ነው፦ የከተማው ማብሪያ ማጥፊያ እጄ ላይ ቢሆንስ? አበራዋለሁ። ይህን ለማለት ጀግንነት አያስፈልግም፤ እህቴ በጨለማ እትብት ስትቆርጥ እኔ ሳተርን አላይም። ነገር ግን በሕይወት ውስጥ ጥያቄው እንዲህ ተስተካክሎ አይመጣም። ማብሪያ ማጥፊያ እጁ ላይ ያለ ሰው የለም። የሚመጣው "በሚዛንና በአማን መካከል ባለው መንገድ ላይ የመንገድ መብራት ይቁም ወይ?" ሆኖ ነው። ያኔ "ሰማዩስ?" የሚል ሰው ድምፁ ስንት ይመዝናል? የማታ ተማሪዋ ከትምህርት ወጥታ ያን መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። እኔ ላፕቶፕ አለኝ፣ ፓወር ባንክ አለኝ፣ በፀሐይ የሚሠራ አምፖልም አለኝ። ጨለማው የሚያምረኝ ስፈልግ መውጣት ስለምችል ነው። እሷ በዚያ መንገድ ላይ "ሰማይ ሲያምር" ብላ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም፤ ከኋላዋ የሚመጣውን ኮቴ ነው የምታዳምጠው። ስለዚህ እሷ ትቀድማለች። በኔ አመለካከት ይሄ ክርክር የለበትም፤ መብራቱ ይቁም።

የሚቆመው መብራት እንዴት ያለ ይሁን የሚለው ላይ ግን አፍ አለኝ፣ እሱ የሙያ ጉዳይ ነውና። ከአግድም በላይ የሚወጣ ብርሃን ማንንም መንገድ አያሳይም፤ ደመናና አየር ላይ ተበትኖ ሰማዩን ያነጣል። ነጭ ሰማያዊ የሚመስለው ኤልኢዲ ከሞቅ ካለው ቢጫ ይልቅ አየር ውስጥ ይበተናል፤ ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ያው ሕግ ነው። እንግዲህ ኮከብን የሚያጠፋው በአብዛኛው የባከነው ብርሃን ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ፓውዛ ነበር፣ ፊቱን እንደ መኪና መብራት ወደ መንገዱ አቅንቶ። ጋሼን አስፈቅጄ መሰላል ላይ ወጣሁና ሁለት ብሎን ላልቼ ወደ መሬት አዘነበልኩት፤ ጎኑንም በዘይት ቆርቆሮ ቆብ ከለልኩት። በማግስቱ ዘበኛው "መብራት ጨመራችሁ እንዴ?" አለን። አልጨመርንም። ፓውዛው ዓይኑ ውስጥ መግባቱን ሲተው ከአጥሩ ሥር ያለው ጥላ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየው። የወጣው ወጪ የቆርቆሮ መቁረጫ መዋስ ብቻ ነው። ጋሼም "እኔ ለሌባው ነው እንጂ ለኮከብህ አይደለም" ብለውኛል።

በዚህ ረገድ ወቀሳዬ ወደ ሚዛን ሳይሆን ብርሃን ወደተረፋቸው ቦታዎች ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ውስጥ ይኖራል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። ከሥራቸው ደግሞ አዲስ አበባ በየዓመቱ እየደመቀች ነው። የእግረኛ መንገድ መብራት ይገባኛል። ዛፍ ላይ የተጠመጠመ አምፖል ግን ማንን ቤቱ ያደርሳል? የማታ ተማሪዋ መንገድ ላይ አንድ አምፖል ሳይኖር ዘንባባ ላይ መቶ አምፖል ማብራት፣ እሷንም ሰማዩንም መበደል ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው የተፈታ ይመስል ነበር፦ መደሰት ይቻላል፣ መመኘት አይቻልም፣ የሚቀድመው ሰው ይቅደም፣ ብርሃኑ ወደ ታች ይብራ። ያላስቀመጠኝ ግን ጫካው ነው።

እኛ የምንኖረው ሰው ሁሉ "ይጠበቅ" በሚለው ጫካ ዳር ነው። የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለዋል። የሚመጣው ጎብኚ በጥላው ሥር ያለውን ቡና ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ያምራል፣ እውነቱን ነው። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ግን ስላማረ አይደለም። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው የሚገኘው ከውስጡ ስለሆነ ነው። የሚበላበት ሰው ስላለ ጠባቂ አላጣም። ታዲያ ሰማዩ ማንን ያበላል? ማንንም ካላበላ ጌጥ ነው፣ ጌጥ ደግሞ ከአዋላጅ ክፍል አምፖል ጋር ሲወዳደር መሸነፉ ተገቢ ነው። ለረጅም ጊዜ እዚህ ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ስለ ሙርሲዎች አነበብኩ። ከሚዛን ወደ ደቡብ፣ ማጂን አልፎ ኦሞ ወንዝን ተሻግሮ ያለ ሕዝብ ነው። ዴቪድ ተርተን የተባለ አንትሮፖሎጂስት አብሯቸው ለዓመታት ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከክላይቭ ራግልስ ጋር ሆኖ ስለ ዘመን አቆጣጠራቸው ያሳተመው ጥናት ከማውቃቸው ሁሉ የሚገርም ነው። ሙርሲዎች የደቡብ መስቀልንና አጠገቡ ያሉትን ብሩህ ኮከቦች ይከታተላሉ። ክረምቱ ሲገባደድ እነዚህ ኮከቦች ተራ በተራ ከምሽቱ ሰማይ ይሰወራሉ፤ የየአንዳንዳቸው መሰወር የኦሞ ሙላት የት እንደደረሰ ይናገራል። ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል ደለል ያለበሰው ዳርቻ ላይ ማሽላ ይዘራል። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ "ደስ ሲል" የምላቸው ኮከቦች ናቸው፣ ራሳቸው። እዚያ ግን የዘር ጊዜ ነበሩ።

የበለጠ የወደድኩት ደግሞ ክርክራቸውን ነው። አሁን ያለንበት ወር ስንተኛው ነው ብትሏቸው፣ እንደ ጥናቱ፣ አንዱ ስድስተኛው ይላል፣ ሌላው ሰባተኛው። ባለመስማማታቸው ማንም አይደነግጥም። ክርክሩ የሚፈታው ቆይቶ ነው፤ ወደ ኋላ ዞረው "ያኔ እኮ ወንዙ እንዲህ ነበር፣ ለካ ወሩ ያኛው ኖሯል" ሲሉ። የጨረቃ ወር ከፀሐይ ዓመት ጋር እንዳይራራቅ የሚያስተካክለው ይሄው ክርክር ነው። እኛ ባሕረ ሐሳብ አለን፣ ስልኬ ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ ከሳተላይት ይስተካከላል። የእነሱ ከወንዝ ይስተካከል ነበር።

ነበር ያልኩት አውቄ ነው። ግልገል ጊቤ 3 እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መያዝ ጀመረ፤ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው፣ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት። ከግድቡ በታች የነበረው የዓመቱ ሙላት እንደ ድሮው መምጣቱን አቆመ። ለሙርሲ ከብትም አለ፣ በዝናብ የሚዘራም አለ፤ የወንዝ ዳሩ እርሻ ግን ሙላቱ ሲቀር አብሮ ቀረ።

ኤሌክትሪክ አንዴ መስመር ውስጥ ከገባ በኋላ ይሄ የጊቤ ነው፣ ይሄ የጣና በለስ ነው ተብሎ አይለይም። ጤና ጣቢያው ውስጥ መብራት ባለበት ሌሊት እህቴ እጅ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከፊሉ የኦሞ ውሃ ነው። ይሄን የምጽፍበት ላፕቶፕም እንዲሁ። እኔ "በሰው ጨለማ እየተደሰትኩ ነው ወይ?" ብዬ ስጠይቅ የከረምኩት ጥያቄ ተገልብጦ ቢጠየቅ ይበልጥ ያስቸግራል፦ በማን ሰማይ ነው የምናበራው?

ይህን ለእህቴ ስነግራት ቡና እየጠጣን ነበር። "ታዲያ ግድቡ አይሠራ ነው የምትለው?" አለች፣ ቆጣ ብላ። አላልኩም። በአምፖል ሥር የተወለደ ልጅ በስልክ ባትሪ ከተወለደው የተሻለ ዕድል እንዳለው ከኔ በላይ እሷ ታውቃለች። ግን "ልማት ነው" ብሎ መዝጋትም አይዋጥልኝም። ለቅሶ ቤቱ ላይ ያሰመርኩት ወሰን እዚህ አያገለግልም፤ እዚያ ሟቹን ማንም አልገደለም ነበር፣ እዚህ ግን ሙላቱን የያዘው ሰው ነው፣ ለሰው ጥቅም ሲል፣ አስቦበት። ዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ ጋሼ ፓውዛ ላይ ስከልል ሰማዩንም አጥሩንም አተረፍኩ። ለዚህኛው የሚሆን ቆብ የለኝም። ቢያንስ ከመስመሩ ጫፍ ያለን ሰዎች ምን ተከፍሎበት እንደበራ ማወቅ አለብን እላለሁ፤ ዘንባባ ላይ ከመጠምጠማችን በፊት። ሙላቱ የቀረበት ሰው ደግሞ በምትኩ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ከኮከብ ቆጣሪም ይጠበቃል።

በመጪው ነሐሴ መጨረሻ ከደቡብ መስቀል ኮከቦች የመጀመሪያዋ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ከምዕራብ አድማስ ሥር ትገባለች። እኛ ጋ ደመና ስለሚሆን አላያትም። ኦሞ ዳር ሰማዩ ክፍት ከሆነ ግን የሚያያት ልጅ ይኖራል፤ ቀጥላ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ የተቀሩት፣ በየተራቸው። አባቱ ከነሱ ተነስቶ ወንዙ የት እንደደረሰ ይናገር ነበር። ልጁ የሚያየው እኔ ጓሮዬ ሆኜ የማየውን ነው፤ የሚያምሩ ነጥቦችን።